የጎንደር ሴቶች ቀሚስና የተዘነጋው የቴክኖሎጂ ታሪክ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ስለነበረው የእንግሊዝ ሴቶች አለባበስ ሲጻፍ ቴክኖሎጂ ዋናውን ስፍራ ይይዛል። የሲንጀር የስፌት መኪና እ.ኤ.አ. በ1851 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘ፤ በዚያው ዓመት ቀሚስን ከውስጥ የሚወጥረው የብረት ክሪኖሊን ተመዘገበ። የጎንደርና የሰሜን ደጋ ሴቶች ቀሚስ ግን «ባህላዊ ልብስ» ተብሎ፣ መሣሪያና ለውጥ እንዳልነካው ሁሉ፣ ከቴክኖሎጂ ታሪክ ውጭ ይቀመጣል። ይህ አከፋፈል ሊታረም ይገባል።

ለንጽጽር የሚሆነው ማስረጃ በለንደን ይገኛል። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስም ባለቤት የነበሩት የእቴጌ ጥሩወርቅ መሆኑ የተመዘገበ ቀሚስ እ.ኤ.አ. ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ከጥጥ የተሸመነ፣ በሐር የተጠለፈ ልብስ ነው። የለንደን ወይዛዝርት ክሪኖሊን ይለብሱበት የነበረ ዘመን ልብስ ሆኖ ሳለ አንዱ «ፋሽን»፣ ሌላው «ቅርስ» ይባላል። ልዩነቱ ከተመልካቹ የመነጨ ነው።

የሐበሻ ቀሚስን መልክ በእጅጉ የወሰነው መሣሪያው ነው። በእጅ የሚወረወር መወርወሪያ የጨርቁን ስፋት በሸማኔው ክንዶች ልክ ይገድበዋል፤ ሰፊ ልብስ የሚገኘው ጠባብ ጨርቆችን ጎን ለጎን በመግጠም ነው። በእንግሊዝ ይህን ገደብ የሰበረው ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 ያስመዘገበው በራሪ መወርወሪያ ነበር። ጥለቱም ከጠርዝ ላይ የሚያርፈው በውበት ምርጫ ብቻ አይደለም። ባለቀለሙ ማግ በጣት እየተለቀመ ስለሚገባ ትንሽ ጥለት እንኳ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ውድ የሆነ ድካም ደግሞ ጎልቶ በሚታይበት ቦታ ላይ ይውላል።

ከሸማኔው በፊት ግን ፈታይዋ አለች። ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን የምታወጣው፣ በደጋን የምትነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት የምታደርገው ሴት ናት። በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ወንዶች ሙያ ሲሆን፣ መፍተል ግን ሃይማኖትና ማዕረግ ሳይለይ የሴቶች ሥራ ነበር፤ ወይዛዝርትም ይፈትሉ ነበር። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ የበርካታ ፈታዮች እጅ ያስፈልጋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ድሩን ያወድሳል እንጂ የፈተለችውን አያነሣም፤ የተጻፈው ታሪክም እንዲሁ።

የፋብሪካ ክር ሲመጣ በመጀመሪያ የተነካው ይኸው የሴቶች ሥራ ነው። ክሩ እኩልና ውጥረት የሚችል ስለሆነ የድሩን ቦታ ወሰደ፤ እንዝርት በአብዛኛው ለማጉ ብቻ ቀረ። የጨርቁም ባሕርይ አብሮ ተለወጠ፤ ሽመናው ፈጠነ። ለሴቶች ይህ እፎይታም ኪሳራም ነበር፤ ከረጅም ሰዓት ድካም ሲያሳርፋቸው፣ በእጃቸው የነበረውን ገቢና የሙያ ክብርም ቀነሰባቸው።

አሁን ተራው የሸማኔው ነው። በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ጥለት አትሞ ማውጣት ለማሽን ቀላል ነው። ለማተሚያው ጠርዙን ማስጌጥም ሆነ ቀሚሱን በሙሉ መሸፈን የሚያመጣው የድካም ልዩነት እምብዛም ስለሆነ፣ ጥለት ከጠርዝ ወጥቶ መላውን ልብስ ሞላ። ለጥምቀት በእጅ የተሸመነ አዲስ ቀሚስ መግዛት የማትችል ሴት የታተመውን ለብሳ ትወጣለች፤ ይህን ጥቅም «ባህል ተበላሸ» ብሎ ማጣጣል ፍትሐዊ አይደለም። ጥቅሙ የማንን እንጀራ እየነካ እንደሆነ አለመጠየቅም እንዲሁ።

ስለዚህ በአለባበስ ላይ የሚደረግ ጥናት «ባህሉ ተጠበቀ ወይስ ጠፋ?» ከሚለው ጥያቄ መውጣት አለበት። የሚሻለው ጥያቄ እያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ የማንን ጊዜ አተረፈ፣ የማንን ገቢ አስቀረ የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው መረጃ በቤተ መዛግብት ብዙም አይገኝም። የሚገኘው በጎንደር ከተማ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ እንዝርት ይዘው ባደጉ እናቶች ዘንድ ነው። የእቴጌይቱ ቀሚስ በለንደን ተጠብቆ ሊቆይ ይችላል፤ የአፈታተሉ ዕውቀት ግን ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋል። በመሆኑም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ርዕስ ሲመርጡ የፈታዮችን የቃል ታሪክ መሰብሰብ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።