መልኩ ስለ ተለወጠ ስክሪንና ፕሮጀክተር

አንባቢ ሆይ፤ በፎገራ ሜዳ ስለ ሩዝ አዝመራ ትምህርት ከሚሰጥበት አዳራሽ ገብተው ተቀምጠዋል እንበል። መምህሩ ናይትሮጅን ያነሰውን ቢጫ የሩዝ ቅጠል በፕሮጀክተር ያሳያል፤ በግድግዳው ላይ የሚታየው ግን ለምለም አረንጓዴ ነው። እንግዲህ ገበሬው የቱን ይመን? የመምህሩን ቃል ወይስ የገዛ ዓይኑን?

ነገሩ ምትሐት አይደለም። በብርሃን ዘንድ ቢጫ የሚገኘው ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ነው፤ ቀዩ የጠፋ እንደሆነ የሚቀረው አረንጓዴው ብቻ ነው። ቪጂኤ በሚባለው ባለ 15 እግር ገመድ 1ኛዋ እግር ቀዩን፣ 2ኛዋ አረንጓዴውን፣ 3ኛዋ ሰማያዊውን ስለምትሸከም አንዲቱ ከጎበጠች ቀለሟ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድመው ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈቱ። ነጩ ወደ ውሃ ሰማያዊ ቢያደላ ቀዩ፣ ሐምራዊ ቢመስል አረንጓዴው፣ ቢጫ ቢሆን ሰማያዊው ጎድሏል። ገመዱን ነቅለው እግሮቹን ይመልከቱ፤ በሌላ ገመድም ይሞክሩ። የገመድና የፕሮጀክተር ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ይነግርዎታል።

ጥፋቱ የገመዱ ካልሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ባለ ሦስት ኤልሲዲ ፕሮጀክተር ውስጥ ሙቀት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው የሰማያዊውን ብርሃን መተላለፊያ ሲሆን፣ ሙቀቱን የሚያብሰውም የአየር ማጣሪያውን የደፈነ አቧራ ነው። በበጋ ከወረታ እስከ ይፋግ የሚነሣውን አቧራና ከሩዝ መፈልፈያው የሚበነውን ገለባ ያየ ሰው ማጣሪያውን ለማጽዳት ምክር አያሻውም። ባለ አምፖሉንም ፕሮጀክተር ሲያጠፉ ማራገቢያው ሳይቆም ሶኬቱን አይንቀሉ።

ላፕቶፕዎ ማታ ማታ ብቻ ቢጫ የሚሆን ከሆነ «ናይት ላይት» የሚባለው ማስተካከያ በርቶ ይሆናልና ያጥፉት፤ በዚህ ብቻ ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ክዳኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ቀለሙ የሚለዋወጥ ከሆነ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ቀጭን ገመድ ላልቷል ወይም ተልጧል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ቀለም የፈሰሰ የመሰለ ጥቁር ጠባሳ ካዩ ግን የውስጡ መስተዋት ተሰብሯል፤ አይሹት፣ አይጫኑት። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ጋር አያይዘው ጽሑፍዎን ዛሬውኑ በፍላሽ ይገልብጡ፤ ስክሪኑን ማስለወጡ ደመወዝ እስኪወጣ ሊቆይ ይችላል።