የማህደሩ ባለቤት ማን ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ መረጃን ከወረቀት ማህደር ወደ ኮምፒውተር ሲያሻግሩ ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን የመብት ጥያቄ ነው።

በጫኖ ሚሌ የምታስተምር መምህርት ወይም በጫኖ ዶርጋ የምታገለግል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጡረታዋ የሚሰላው በማህደሯ በሰፈሩት ቀናት ነው። የመጦሪያ ዕድሜ 60፣ ለዘለቄታ የጡረታ አበል የሚያበቃው አገልግሎት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር 1970 የተባለ የልደት ዘመን ሳይሰላ እንደ ፈረንጅ ዘመን ቢመዘገብ፣ ሠራተኛዋ በአንድ ጀምበር 7 ወይም 8 ዓመት ታረጃለች። ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራምም ጳጉሜን የተወለደውን የት ያኖረዋል?

በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ዘመን ሥልጠና ማለት ሠራተኛን አዳራሽ ሰብስቦ ማስጨብጨብ ሆኖ ነበር። ያ አይደገም። አሮጌው ማህደር ከመዘጋቱ በፊት ሠራተኛው አዲሱ መዝገብ ታትሞ ይሰጠው፤ ካስፈለገም በጋሞኛ ይብራራለት፤ አመሳክሮ ይፈርም። ስሕተት ሲገኝ የሚያርመው ኃላፊና የማረሚያው ቀነ ገደብ አስቀድሞ ይታወቅ። እስከዚያ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይሂዱ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሚፈታው ግን የኃላፊው መቀነት ሳይሆን የጡረተኛዋ ነው።