«12 ቮልት ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ሁሉ



እንደሚታወቀው መብራት ሲጠፋ በጨለማ ላለመቀመጥ ሲባል በየቤቱ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር እየገባ ነው። ይህን አንቃወምም። ልጅ ማጥናት አለበት፤ ሱቁም መሥራት አለበት። የምንቃወመው አንድ አጉል አነጋገር ነው። አደጋው ሲነሣ «ኧረ ተዉት! 12 ቮልት ምን ያደርጋል? ቢነኩትስ መች ይነዝራል?» ይባላል።

እውነት ነው፣ በደረቅ እጅ ቢነኩት አይነዝርም። ሰውን ያዘናጋውም ይኸው ነው። ቮልት የሚገፋው ኃይል ነው፤ አምፔር የሚፈሰው ብዛት ነው። ብረት የሚያግለውና ቤት የሚያቃጥለው የሚፈሰው ብዛት ነው። የአምፖል መስመር ፊውዝ ብዙውን ጊዜ የ10 አምፔር ነው። አንድ የመኪና ባትሪ ግን ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ በብረት ከተገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ባንዴ ይለቃል። ሁለት ሦስት ባትሪ ጎን ለጎን ሲታሰር ደግሞ ይብሳል። ፊውዝ ከሌለ የሚያቆመው የለም። መፍቻ ቢወድቅበት ብረቱ ግሎ እዚያው ይበየዳል። ቀለበቱ መካከል ከገባ ጣቱን እስከ አጥንቱ ያቃጥለዋል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ላስቲኩ ነዶ መጋረጃውን ይይዛል።

ሌላም አለ። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በክፍሉ አየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። አንዳንዱ ሰው ግን ባትሪውን አልጋ ሥር አድርጎ፣ መስኮት ዘግቶ፣ አጠገቡ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ያስፈላል! ቢፈነዳ አሲዱ ዓይን ያጠፋል።

«በገዛ ቤቴ ማኅበሩን ምን አገባው?» የሚልም አይጠፋም። ቤታችን በግድግዳ የተያያዘ ነው፤ እሳት የማን ቤት ነው ብሎ አይጠይቅም። ለኢንቨርተር ብዙ ብር የከፈለ ሰው ለፊውዝ ሲሆን አጣሁ ቢል አንሰማውም። ያለ ፊውዝ አስሮ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄደውም ባለሙያ አይባልም።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም በጥብቅ እናሳስባለን፦

1. ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ ይግባ። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ መጠምዘዝ ይቅር።

2. ባትሪው ከመኝታ ቤት ወጥቶ አየር በሚያገኝበት፣ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይሸፈኑ። እሳት አይጠጋው።

3. የሚነካካው ሰው አስቀድሞ ኢንቨርተሩንና ቻርጀሩን ያጥፋ፤ ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ያውልቅ፤ የመፍቻውን እጀታ በናስትሮ ይጠቅልል፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ።

4. ከኢንቨርተሩ የሚወጣው 220 ቮልት ነው፤ እሱ እንደ ዋናው መስመር ይገድላል። ያልተማረበት ሰው አይንካው።

5. አሲድ ሰው ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ዓይን ከሆነ እየታጠበ ቆይቶ ሐኪም ቤት ይሂድ።

አቅም ያነሰው ጎረቤት ካለ ለማኅበሩ ይንገር፤ ተረዳድተን እናስገባለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ አልጋችሁ ሥር እዩ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት