ሣሩ ሳያልቅ እንድረስ

ወገኖቼ፣ ከነገሌ ቦረና ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሊበን የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲለመልም፣ ማለዳ ላይ አንድ ቡናማ ትንሽ ወፍ ከሣሩ መሀል ብድግ ይልና እየዘመረ ሽቅብ ይወጣል። አየር ላይ ጥቂት ቆይቶ ቁልቁል ይወርድና ሣሩ ውስጥ ይሰወራል። ከዚያ በኋላ ቢፈልጉት አይገኝም፤ ቀለሙ ከደረቀ ሣር አይለይም፣ በእግሩ እየተሹለከለከ ይርቃል። እንቁላሉ የሚጣለውም መሬት ላይ፣ ከሣር ሥር ነው። ሣሩ ከሌለ ጎጆ የለም፤ ጎጆ ከሌለ ጫጩት የለም።

ስሙ የሊበን ላርክ ነው። ተመራማሪዎች መጀመሪያ ያገኙት በ1968 ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ዛሬ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች ተርታ ቆሟል። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት፣ ይህ ወፍ ከጠፋ በአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ የተመዘገበ የመጀመሪያው የወፍ ዝርያ መጥፋት እንደሚሆን አስጠነቀቀ። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ብቻ፣ በተመሳሳይ መስመር ላይ የተቆጠሩት ወፎች ቁጥር በ40 በመቶ አሽቆልቁሏል። ሁለት ዓመት የወሰደ ውድቀት ነው። እኛ አገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ይህ ጅብ ገና አልሄደም፤ የምንጮህበት ሰዓት አሁን ነው።

ክሌር ስፖቲስዉድ የተባሉት የዝግመተ ለውጥና የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የዚህን ወፍ ጉዳይ ለዓመታት ተከታትለዋል። በሱማሌላንድ ድንበር፣ በወጃሌ ሜዳ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት የተገኘ፣ ከሊበኑ ጋር የሚመሳሰል የአርቸር ላርክ የሚባል ወፍም ነበር፤ ከ1922 ወዲህ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ተመራማሪዎቹ ወደዚያ ሄደው ቢያስሱ ወፉም የለም፣ ወፉ የሚኖርበት ሣርም የለም። በአንጻሩ በእኛው አገር፣ በጅግጅጋ አካባቢ ተመሳሳይ ወፍ መኖሩ ታወቀ። ይህ የማነው? የሊበኑ ነው ወይስ የወጃሌው? ጥያቄው የተፈታው በዘረመል ነው። ዲኤንኤው ሲመረመር፣ የአካሉ ልክ ሲነጻጸር፣ ሁለት ዝርያ ተብለው የተመዘገቡት ወፎች አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ በ2013 ታተመ።

ይህ ግኝት ምን ማለት እንደሆነ ልብ እንበል። ከሊበን እስከ ጅግጅጋ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ወፎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የቅርብ ዘመዳቸው የሚኖረው ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ደጋ ሣር ላይ ነው፤ በጥንት ዘመን ደረቁ የሣር ምድር ደቡባዊ አፍሪካን ከአፍሪካ ቀንድ ጋር ያገናኝ እንደነበር የሚመሰክር የዘር ሐረግ ነው። ዛሬ ከዚያ ረጅም ታሪክ በእኛ በኩል የቀረው ጥቂት ቁራጭ ሜዳ ነው፤ እሱም በሁሉም ቦታ አደጋ ላይ ነው። የሊበኑ ሰው ቢተጋና የጅግጅጋው ቢተኛ፣ ወይም የጅግጅጋው ቢተጋና የሊበኑ ቢተኛ፣ ዘሩ ከፊሉን ያጣል። ወፉ አንድ ነው፤ ኃላፊነቱም አንድ ነው።

ሣሩን ምን በላው? መልሱ ከአንድ በላይ ነው። ለግጦሽ ብቻ የሚሆነው መሬት በእርሻ ታረሰ። ከብቱ በጠበበ መሬት ላይ ተጨናንቆ ሣሩን እስከ ሥሩ ጋጠው። ድሮ አርብቶ አደሩ በወቅቱ እሳት እየለቀቀ ቁጥቋጦውን ይቀጣው ነበር፤ ያ ከተከለከለ በኋላ ግራሩ ሜዳውን ወረረው።

«ሰው ሲቸገር ስለ ወፍ ታወራላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እዚያው ሜዳ ላይ አለ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ በቦረና ምድር ላም የነበራት እናት ባዶ በረት ታቅፋ ቀረች። ወፉ እንቁላሉን የሚደብቅበት ሣርና ጥጃው በበጋ የሚተርፍበት ሣር አንድ ሣር ነው። ለወፉ የሚበቃ ሣር ያለበት ሜዳ ለላሟም ተስፋ አለው።

መፍትሔውንም ከሩቅ አናመጣውም። ቦረናዎች ካሎ ይሉታል፦ ማኅበረሰቡ መክሮ ጥሩውን ሜዳ በግራር እሾህ ያጥራል፣ በዝናብ ጊዜ ከብት አያስገባም፣ በበጋ ለደከመችው ላምና ለጥጃ ይከፍተዋል። ጥበቃው የጋራ፣ ደንቡ የጋራ፣ ፍሬውም የጋራ ነው። በሊበን ሜዳ የአካባቢው ሕዝብ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ከመሳሰሉ አጋሮች ጋር ካሎ ሲያጥር፣ ቁጥቋጦ ሲመነጥር፣ ሣሩ ተመልሷል። ወፉም ወደ ሣሩ መጥቷል። ዘረመል ወፉ ማን እንደሆነ ነገረን፤ እንዴት እንደሚተርፍ ግን አርብቶ አደሩ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ሁላችንም ድርሻ አለን።

የመሬት አስተዳደር ኃላፊዎች ሆይ፣ የቀረውን የሣር ሜዳ ለእርሻ መስጠት አቁሙ። አንዴ የታረሰ ሜዳ በቀላሉ አይመለስም። የካሎን ደንብ በሕግ አጽኑት፤ በሜዳው ጉዳይ ሽማግሌዎቹን ሳትጠይቁ አትወስኑ።

የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ ቤተ ሙከራችሁን ለእነዚህ ወፎች ክፈቱ። የአገራችንን ወፍ ዘረመል የሚያነቡ፣ በየዓመቱ ሜዳ ወርደው የሚቆጥሩ ወጣቶች ያስፈልጉናል። የሊበንና የጅግጅጋ ልጆች ከፊት ይሰለፉ።

ጋዜጠኞችና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሆይ፣ የዚህን ወፍ ስም ሕፃናት ይወቁት። ስሙን ለማያውቁት ማንም አያለቅስም።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖች ሆይ፣ ለድርቅ ጊዜ እጃችሁን እንደምትዘረጉ ሁሉ፣ ድርቅ ሳይመጣ ለሚታጠር ካሎም ዘርጉ። ከሬሳ ቆጠራ አጥር ይቀድማል።

ወፍ ወዳጅ ተጓዦች ሆይ፣ ወደ ሊበን ስትሄዱ የአካባቢውን ወጣት አስጎብኚ ያዙ፤ ገንዘባችሁ እዚያው ይቅር። ጎጆ አትርገጡ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ያሳደጉን ወላጆቻችን ይህን ቀን ያዩ ይመስላል። አንድ ሜዳ ለአንድ መንደር ይከብዳል፤ ለአንድ አገር ግን ሸክም አይደለም።

በሚቀጥለው ዝናብ ሣሩ በካሎው ውስጥ ጉልበት ድረስ ይቁም፤ ጥጃው ይጥገብ። ያ ቡናማ ወፍም ብድግ ብሎ ሲዘምር ከሩቅ የሚመልስለት ሌላ ወፍ ይኑር። ይህ እንዲሆን አጥሩን ዛሬ እንጠር።