ልጆቻችን በቤታችን በደስታ ያንብቡ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሕፃናት በሰንበት ትምህርት ቤት የሚቆዩት በሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፉት በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ በቤት፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልክ ላይ አፍጥጠው ነው። ይህን እያወቅን ብዙዎቻችን ወላጆች የልጆቻችንን መንፈሳዊ ንባብ ፈጽመን ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ትተነዋል። ውጤቱንም እናየዋለን፤ መዝሙሩን ከነሽብሸባው አሳምሮ የሚያቀርብ፣ ጥቅሱን በቃሉ የሚወጣ፣ ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ተሰጥቶት «ከዚህ አንብብ» ሲባል አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጥቂት አይደለም። ያጠናውን ሊረሳ ይችላል፤ ማንበብን የወደደ ልጅ ግን የረሳውን ራሱ ተመልሶ ይፈልገዋል። ይህን ፍቅር በልጁ ልብ የመትከል ድርሻ ደግሞ በመጀመሪያ የወላጅ ነው።

በኦሪት ዘዳግም 6፥7 እስራኤል የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቻቸው በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ እንዲያስተምሩ ታዝዘዋል። እነዚህ ሁሉ የዕለት ተዕለት የቤተሰብ ኑሮ ጊዜያት ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮም ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዳወቀ ይመሰክርለታል (2ኛ ጢሞ. 1፥5፤ 3፥15)። ታላቁ ሐዋርያ ደቀ መዝሙር አድርጎ የተቀበለው በቤቱ የተዘጋጀውን ልጅ ነበር።

ሆኖም በቤት ማስተማር ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ቁጣንና ቁጥጥርን ነው። «ሳታነብ እራት የለም» የተባለ ልጅ ንባብን ከቅጣት ለይቶ አያየውም። በዚህ ነገር ላይ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን ይገርፉት እንደ ነበር፣ ግርፋቱ ቢጸናበትም ሸሽቶ እንደ ሄደ ይነገራል። በዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ ግን አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትሞክር ደጋግማ ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ተሳክቶላት ስትወጣ አይቶ ልቡ ተነካ፤ ወደ መምህሩም ተመለሰ። ግርፋት ያሸሸውን ብላቴና በተመስጦ የተመለከታት ትል መለሰችው። ከእርሱም የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ተገኘ።

ይህን ታሪክ በዚህ ሳምንት ለልጆቻችን እናንብብላቸው። ትሏ ስትወድቅ ላይ ቆም ብለን «ቀጥሎ ምን የሆነ ይመስላችኋል?» እንበላቸው። የሚመልሱት ሁሉ ይሰማ፤ ከዚያ የቀረውን እነርሱ ያንብቡት። ልጅ ፍጻሜውን ለማወቅ ሲጓጓ ፊደሉ አይከብደውም።

ብዙ ወጪ የማይጠይቁ፣ በየቤቱ ሊደረጉ የሚችሉ ሌሎች መንገዶችም አሉ።

የወሩ በዓላት ካርዶች። ካርቶን ቆርጠን 30 ካርዶች እናዘጋጅ። በአንዱ ገጽ የግእዝ ቁጥር፣ በሌላው ገጽ በዕለቱ የሚታሰበው በዓል ይጻፍ፦ ፯ ሥላሴ፣ ፲፪ ሚካኤል፣ ፲፱ ገብርኤል፣ ፳፩ ማርያም፣ ፳፯ መድኃኔ ዓለም። ከ1 እስከ 30 ያለውን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት የቁጥር ምልክቶች 12 ብቻ ስለሆኑ ልጆች ፈጥነው ይለምዷቸዋል። ካርዶቹ ተደባልቀው አንዱ ቁጥሩን ሲያሳይ ሌላው በዓሉን ይናገር፤ ከዚያ ሚናቸውን ይለዋወጡ። ማታ ደግሞ የዕለቱ ካርድ ተመርጦ ከስንክሳር ጥቂት መስመር ይነበብ።

እንቆቅልሽ። አያቶቻችን ያወረሱን ይህ ጨዋታ ለመጽሐፍ ቅዱስ እጅግ ይስማማል። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ?» «የሁሉ ቤት በውኃ ሲጠፋ የእርሱ ቤት በውኃ ላይ የተንሳፈፈ»፤ መልሱ ኖኅ ነው። ያልመለሰው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ቤተ ልሔምን ወይም ደብረ ዳሞን ይስጥ፤ ስለ ሰጠው አገርም የሚያውቀውን አንድ ነገር ይናገር። መልሱም ከመጽሐፉ ተገልጦ ይነበብ። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጆቹ ራሳቸው እንቆቅልሽ ለመፍጠር ሲሉ መጽሐፍ ሲገልጡ እናያቸዋለን።

በየድርሻ ማንበብ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ለዚህ የተመቸ ነው። አንዱ ንጉሡን፣ ሌሎቹ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ሆነው ያንብቡ። በምዕራፉ ውስጥ የዜማ መሣሪያዎቹ ስም ደጋግሞ ይመጣል፤ ገና ማንበብ ያልቻለው ታናሽ ወንድም መለከቱና በገናው በተጠሩ ቁጥር ያጨብጭብ። እርሱም የንባቡ ተካፋይ ሆነ ማለት ነው። ይህ ከታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ቀደም ብሎ ባሉት ምሽቶች ቢደረግ ልጆቹ በበዓሉ ቀን የሚሰሙትን ስብከት በሌላ ጆሮ ይሰሙታል።

የፊደል ጸሎት። መዝሙረ ዳዊት 118 (በአንዳንድ እትሞች 119) በዕብራይስጥ ፊደላት ተራ በ22 ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል 8 ቁጥሮች አሉት። በየማታው አንድ ክፍል ቢነበብ በ22 ቀን ያልቃል። ከዚያም ልጆች በራሳችን ፊደል ከሀ ጀምረው በየፊደሉ አንድ አጭር የምስጋና ቃል ይጻፉ። ደብተሩ ሲሞላ የቤተሰቡ መታሰቢያ ይሆናል።

«ቅዱስ ነገር በጨዋታ አይቃለልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወሰንም ሊኖር ይገባል። ቅዱስ ሥዕል የጨዋታ ዕቃ አይሆንም፤ በካርዶቹ ላይ ስም ብቻ ይጻፍ፤ እነርሱም መሬት ላይ አይጣሉ። ጸሎት ሲጀመር ጨዋታው ይቁም። ነገር ግን ደስታን ከትምህርት መለየት የአባቶች ሥርዓት አይደለም። በአብነት ትምህርታችን ፊደሉን ቈጥሮ፣ ንባቡን ተምሮ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ድግስ ያዘጋጅለት ነበር። እኛም ልጃችን አንድ የወንጌል መጽሐፍ አንብቦ ሲፈጽም ዳቦ ጋግረን፣ ቆሎ ቈልተን ጎረቤት ብንጠራለት ከገንዘብ ሽልማት ይልቅ በልቡ ይቀራል።

«እኔ ራሴ አልተማርኩም» የሚሉ እናቶችና አባቶችም አይስጉ። ልጁ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ስሙት፣ ጠይቁት፣ በቃል የምታውቁትንም ተርኩለት። የልጁን ንባብ በትዕግሥት መስማት ራሱ ማስተማር ነው። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻቸው አማርኛ እየሰሙ ፊደሉን ሳይለዩ እንዳያድጉ ከፍተኛ ጭንቀት አለባቸው። ለእነርሱ አገር ቤት ካሉ አያቶች ጋር በስልክ የሚደረግ እንቆቅልሽ ሁለት ጥቅም አለው፤ ቋንቋውን ያለማምዳል፣ ዝምድናውንም ያጸናል። ያ የምንወቅሰው ስልክም ለመልካም ዋለ ማለት ነው።

ጊዜ ማጣት የሁላችንም ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ ለማግኘት የሚከብደው ቤት ጥቂት ነው። በዚያች ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ የአባትና የእናት ስልክም አብሮ ይቀመጥ። ወላጁ ስልኩን እየነካካ ልጁን «አንብብ» ቢለው ልጁ የሚከተለው ዓይኑ ያየውን ነው።

የዛሬ ሕፃናት ነገ ቤተ ክርስቲያንን የሚረከቡ ናቸው። ያኔ በልዩ ልዩ ትምህርት የሚናወጡ ወይም መጽሐፉን ገልጠው እውነቱን የሚመረምሩ መሆናቸው በዛሬው የቤታችን ምሽት ይወሰናል። እንግዲህ እሑድን ሳንጠብቅ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ አብረን እንግለጥ።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።