ሽጉጥ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ መታጠቅ አይደለም

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ በአደባባይ ግን ብዙም የማናወራው ነው።

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ከምንኖር ሐበሾች መካከል ሽጉጥ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ሌሊት ሱቅ የሚዘጋው፣ ነዳጅ ማደያ የሚያድረው፣ ቤቱ አንዴ የተሰበረበት፣ ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። መግዛቱን አልቃወምም፤ ሕግ የፈቀደው ነው። የምቃወመው ከግዢው በኋላ ያለውን ነው። ሽጉጡ ይገዛል፣ አንድ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ተኩስ መለማመጃ ይኬዳል፣ አንድ ሳጥን ጥይት ይተኮሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ሽጉጡ መሳቢያ ይገባል። ዓመት ያልፋል፣ ሁለት ዓመት ያልፋል። አባቶቻችን «ላያዘልቁ ጸሎት ለቅስፈት» የሚሉት ይኼንን ነው።

ወደ መለማመጃ የሚሄደውም ቢሆን የሚለማመደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማነጣጠር። ወረቀቱ መሐል የበሳውን ቀዳዳ ቆጥሮ ደስ ብሎት ይመለሳል። ጥይት ማጉረስን፣ ካርታ መቀየርንና ሽጉጡን በትክክል ባዶ ማድረግን የሚለማመድ ግን ጥቂት ነው። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ መለማመድ ያለብን ይኼንኑ ነው።

«እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ካርታ መቀየር ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱቁን ወይም ቤቱን የሚጠብቅ ሰው በአንድ አጋጣሚ ሁለተኛ ካርታ እስኪያስፈልገው ድረስ የሚተኩስበት ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ክርክሬ በፊልም እንደምናየው ዓይነት ፍልሚያ ላይ አይደለም። ክርክሬ ልጆቻችን በሚተኙበት ቤት ላይ ነው።

እንዴት ነው? ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ሁለት የጥይት ቦታ አለው። አንዱ እጀታው ውስጥ የሚገባው ካርታ ነው፤ ሌላው በርሜሉ ውስጥ የተቀባበለው አንድ ጥይት ነው። ካርታውን ማውጣት በርሜሉ ውስጥ ያለውን ጥይት አያወጣውም። እንደ ግሎክ ያሉ በብዛት የሚገዙ ሽጉጦች ደግሞ ካርታቸው ወጥቶም ይተኩሳሉ። «ባዶ ነው ብዬ ነበር» የሚለው የለቅሶ ቤት ንግግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉንም ተመልከቱ። ሰውየው መጀመሪያ ስላይዱን ይስባል፤ ጥይቷ ወጥታ መሬት ትወድቃለች። ቀጥሎ ካርታውን ያወጣል፤ «ጨረስኩ» ይላል። አልጨረሰም። ስላይዱ ተመልሶ ሲዘጋ ከካርታው ሌላ ጥይት ይዞ በርሜሉ ውስጥ አስገብቷል። ትክክለኛው መጀመሪያ ካርታውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ስላይዱን ስቦ ጥይቷን ማስወጣት፣ ከዚያ ስላይዱን ከፍቶ ይዞ በርሜሉን በዓይን ማየትና በጣት መዳሰስ ነው። ይኼን አንብቦ ማወቅ አይበቃም። ደክሞት ከሌሊት ሥራ የገባ ሰው የሚሠራው በንባቡ ሳይሆን በእጁ ልማድ ነው። እጅ ደግሞ የሚማረው በመደጋገም ብቻ ነው።

ሕጉ ይኼን ሁሉ ያስተምረናል ብላችሁ አትጠብቁ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለሚገዛ ሰው የ4 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች፤ በተግባር የሚፈለገው ግን ቢያንስ 1 ጥይት በሰላም መተኮስ ነው። ዲሲ በድብቅ ታጥቆ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው የ16 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ታዛለች። ይኼ መግቢያው ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ በረዶ ላይ መንዳት እንደማይችል ሁሉ፣ ፈቃድ ያገኘ ሁሉ መሣሪያውን ያውቃል ማለት አይደለም።

የሙያው ሰዎችም ይኼን የተማሩት በደም ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒውሆል በተባለ ቦታ 4 የአውራ ጎዳና ፖሊሶች በደቂቃዎች ውስጥ ተገደሉ። ከእነሱ አንዱ የተመታው የሪቮልቨሩ 6 ጥይት አልቆበት እያጎረሰ ሳለ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ማያሚ ላይ የኤፍቢአይ ሰዎች ከ2 የባንክ ዘራፊዎች ጋር ሲታኮሱ 2 ባልደረቦቻቸው ሞቱ። ከቆሰሉት አንዱ ጥይት እያጎረሰ እጁን ተመታ፤ ሌላው በቆሰለ እጁ ሪቮልቨሩን ማጉረስ አቃተው። ከዚያ በኋላ ነው የመሥሪያ ቤቱ መሣሪያም ሥልጠናም የተለወጠው። እኛ የእነሱ ሥራ የለብንም፤ ትምህርታቸው ግን ለእኛም ይሆናል። ሲጨንቅ ጣት ይደነዝዛል፣ ዓይን አንድ ቦታ ይተክላል፣ ያልተለማመደ እጅ ቀላሉን ነገር ይስታል።

እሺ፣ እንዴት እንለማመድ? ወጪው ከምትገምቱት ያነሰ ነው። ሁለት ካርታ ያዙ፤ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ጥይት ብቻ አጉርሱ። አንዱን ተኩሱ። ካርታው ባዶ ስለሆነ ስላይዱ ወደኋላ ተከፍቶ ይቆማል። ወዲያው ጣታችሁ ከቃታው ይውጣ፤ አፈሙዙ ከዒላማው አይዙር። ሽጉጡን ደረታችሁ ፊት ለፊት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት እንጂ ወደ ሆዳችሁ አታውርዱት። ቁልፉን ተጫኑ፣ ባዶው ይውደቅ። አዲሱን ካርታ ስትይዙ ሌባ ጣታችሁ በፊቱ በኩል ተዘርግቶ ከላይ ያለችውን ጥይት ጫፍ ይንካ፤ ያን ጊዜ እጅ መንገዱን ራሱ ያገኛል። በመዳፍ መታ አድርጋችሁ አስገቡት፣ ስላይዱን ልቀቁ፣ ሁለተኛዋን ተኩሱ። በ20 ጥይት 10 ጊዜ ካርታ ቀየራችሁ ማለት ነው። ፍጥነት አትፈልጉ፤ ሳይንተፋተፉ መጨረስ ከተቻለ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል።

ካርታችሁ ወይም ጥይታችሁ ከተኩስ መስመሩ አልፎ ከወደቀ ተዉት፤ ተጎንብሶ የሚለቅም ሰው አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። አብዛኞቹ የቤት ውስጥ መለማመጃዎች ከወገብ መዝዞ መተኮስን አይፈቅዱም፤ ካርታ ለመቀየር ግን ጠረጴዛው ይበቃል። ደንቡን መጀመሪያ ተቆጣጣሪውን ጠይቁ። በየካርታው ሥር ቁጥር ጻፉ፤ አንዱ ደጋግሞ ጥይት የሚያስቀረቅር ከሆነ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የእርሳስ ብናኝ ወደ ልጆቻችሁ ይዛችሁ አትግቡ።

ቤት ውስጥ ለመለማመድ የሚሸጥ አስመሳይ ጥይት አለ፤ ባሩድም የለው፣ አይተኩስም። እውነተኛው ጥይት በሙሉ ሌላ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጥ። ልምምዱ ሲያልቅ «አለቀ» ብላችሁ ሽጉጡን ቆልፉበት። «አንዴ ልድገም» የሚባለው ነገር ነው የሚያስፈራው።

«ጊዜ የለኝም፣ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው» የሚል ወንድም ይኖራል። አውቃለሁ፤ ኑሯችን ይኼው ነው። ግን በ2 ወር አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ማግኘት ካልቻልክ፣ ሽጉጡን ሽጠህ በገንዘቡ ጥሩ የበር ቁልፍ፣ መብራትና ካሜራ ግዛ። ይኼን የምለው ለስድብ አይደለም። የማይለማመድ ሰው ቤት ያለ ሽጉጥ ከሌባው ይልቅ ለቤተሰቡ ያሰጋል።

በአገራችን መሣሪያ ክብር ነው። አያቶቻችን ግን ጠመንጃቸውን ይወለውሉት፣ ይፈቱት፣ ይገጥሙት ነበር፤ ጥይት እንዳይባክን እያንዳንዷን ቆጥረው ነበር የሚያውቁት። ክብሩ መያዙ ላይ ሳይሆን ማወቁ ላይ ነበር። እኛ መያዙን ወርሰን ማወቁን ትተነዋል።

ሽጉጥ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ይኼን ላኩለት። አንድ ጥያቄም ጠይቁት፤ «ባዶ ስታደርገው መጀመሪያ የምታወጣው ምኑን ነው?» መልሱን ለማሰብ ከቆመ፣ መለማመጃ የሚሄድበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ።

ቸር ያሰማን።