ሰሊጥና ሕፃን፤ አለርጂ የሚባለው ሕመም በቤት ውስጥ እንዴት ይታወቃል?

በመተማና በዙሪያው ባለው ቆላ ሰሊጥ የቤት ሁሉ ሲሳይ ነው። በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል፤ ነዶውም ሂላ ተብሎ በሚጠራው ክምር ቆሞ ከደረቀ በኋላ በሸራ ላይ ይራገፋል። ገበሬው ዕዳውን የሚከፍለው፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛም ደመወዙን ይዞ የሚመለሰው በእርሱ ነው። በጾም ወራት ደግሞ ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ ለክርስቲያን ቤት የሰሊጥ ፍትፍት ይሆናል። ይህን የመሰለ በረከት ያለው እህል ሆኖ ሳለ ግን፣ የአውሮፓ አገሮች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ባወጡት ሕግ፣ ሰሊጥ ያለበት የታሸገ ምግብ ሁሉ ይህንኑ በግልጽ እንዲጽፍ አዘዙ። አሜሪካም በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ አዋለችው። ምክንያቱም ለብዙዎች ምግብ የሆነው ይህ ፍሬ ለጥቂቶች ሕይወትን የሚያሰጋ ሆኖ በመገኘቱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ እንዴት እንደሚሆንና ቤተ ሰብ ምን ማድረግ እንደሚገባው ይናገራል።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ቤት በምሳሌ እናስብ። ዕድሜው አንድ ዓመት ተኩል የሆነ ሕፃን አለ እንበል። ወሩ የዐቢይ ጾም ነው፤ ሕፃኑ ጿሚ ባይሆንም እናቱ ከቤቱ ማዕድ ትንሽ የሰሊጥ ፍትፍት ታቀምሰዋለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ ያብጣል፤ ገላው ንብ እንደነደፈው ሁሉ ጉብ ጉብ ይላል፤ ያስመልሰዋል። አያቱ «ምች ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት «ዓይን ነው» ትላለች፤ ሌላው ደግሞ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ብሎ ይመክራል። ከማታው በፊት እብጠቱ ይጠፋል፤ ሁሉም እግዚአብሔርን አመስግኖ ነገሩን ይረሳዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አጎቱ ከገበያ ሐላዋ ይዞለት ይመጣል። ሐላዋ የሚሠራው ከተፈጨ ሰሊጥ መሆኑን ማንም ልብ አይልም። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ የሚያሳክከው ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹም ይታፈናል።

በዚህ ቤት የጎደለው ፍቅር አይደለም፤ የጎደለው የፊተኛውን ቀን ከኋለኛው ጋር ያገናኘ ሰው ነው። የዛሬውም ምክራችን በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ለአለርጂ ምርመራ የመጀመሪያው መሣሪያ በሐኪም እጅ ሳይሆን በእናትና በአባት ዘንድ የሚገኝ ነው፤ እርሱም በትክክል የተያዘ ማስታወስ ነው።

አለርጂ የሚለውን ቃል ያወጣው በቪየና ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው፤ ዓመቱም 1906 ነበር። በዚያ ዘመን በጉሮሮ በሽታ ለሚታመሙ ሕፃናት ከፈረስ ደም የተዘጋጀ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ፒርኬና ባልደረባው ቤላ ሺክ እንዳስተዋሉት፣ ይህን መድኃኒት ለሁለተኛ ጊዜ ከወሰዱት ሕፃናት አንዳንዶቹ ከፊተኛው ይልቅ ፈጥነው ይታመሙ ነበር። ከእነርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1902 ሻርል ሪሼ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ከባሕር ፍጥረት የተገኘ መርዝ ተወግተው የዳኑ ውሾች ከሳምንታት በኋላ እጅግ ጥቂት ሲሰጣቸው ወዲያው እንደሚሞቱ አይቶ ነበር። ይህን ጽኑ ዓይነት አናፊላክሲስ ብሎ ሰየመው፤ በ1913ም የኖቤልን ሽልማት ተቀበለበት።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ለሰውነታችን በሽታን የሚከላከል ኃይል ሰጥቶታል። ይህ ኃይል እንደ ዘበኛ ነው፤ ጠላት ሲገባ መልኩን ያጠናል፤ ዳግመኛ ቢመጣ ይለየዋል። በአንዳንድ ሰው ዘንድ ግን ዘበኛው ይሳሳትና ጉዳት የሌለውን እንግዳ፣ ለምሳሌ የሰሊጥን፣ የለውዝን፣ የዕንቁላልን ወይም የወተትን ፕሮቲን፣ እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። መዝገቡም ኢሚኖግሎቡሊን ኢ የተባለ በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአሜሪካ ይሠሩ በነበሩት በጃፓናውያኑ ባልና ሚስት በኢሺዛካ፣ እንዲሁም በስዊድን ሊቃውንት ታወቀ። በፊተኛው ግንኙነት ዘበኛው መልክ ያጠናል እንጂ አይጮህም። ግንኙነቱ በቆዳ በኩል ሊሆን ስለሚችልም፣ በተለይ ችፌ ባለበት ሕፃን፣ ቤተ ሰብ «ገና መቅመሱ ነው» የሚለው ምግብ ለሰውነቱ አዲስ ላይሆን ይችላል። እንግዳው ሲመለስ ግን በቆዳ፣ በአፍንጫ፣ በሳንባና በአንጀት የተቀመጡ ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለውን ቅመም ባንድ ጊዜ ያፈሳሉ። እርሱም ቆዳን ያሳክካል፣ ከንፈርን ያሳብጣል፣ የሳንባን ቧንቧ ያጠባል፣ ሆድን ያሸብራል፤ ሲበረታም የደም ግፊትን ይጥላል።

ይህ ለምን በአንዱ ደርሶ በሌላው እንደማይደርስ ሲመረመር፣ የዘር ድርሻ እንዳለበት ታውቋል። የአኗኗርም ድርሻ አለበት፤ በ1990ዎቹ ዓመታት በጅማ የተደረገው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው መብዛቱን አሳይቷል። በዚያው በጅማ በ2001 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ብዙ የመንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች የአስም ምልክት አንሶ መገኘቱን ገልጿል። ይህ ግን የሆድ ትል ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ትሉ ደምን ይመጣልና መታከም አለበት። ጥናቱ የሚያስተምረን የሰውነት ዘበኛ ባደገበት ስፍራ ልማዱን የሚይዝ መሆኑን ነው።

በአገራችን «ይህ ምግብ አይስማማኝም» የምንለው ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። አንደኛው ሆድን የሚነፋ፣ ወተት ለብዙ አዋቂዎች እንደሚያደርገው ያለ፣ መፍጨት አለመቻል ነው። ሁለተኛው የተበላሸ ምግብ የሚያመጣው መመረዝ ነው፤ ይህም አብረው የበሉትን ብዙዎችን ያጠቃል። ሦስተኛው እውነተኛው አለርጂ ነው። ይህኛው ጥቂት በመብላትም ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ ያው ምግብ በተበላ ቁጥር ይመለሳል፤ አብረው የበሉትንም አይነካም። እነዚህን ሦስቱን የሚለይ ሰው ግማሹን ምርመራ ፈጸመ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምልክት ባያችሁ ጊዜ አምስት ነገር ጻፉ፤ መጻፍ የማይችል ቢኖር ፊደል ለቆጠረው ልጁ ይንገረው። ምን ተበላ፣ ምን ተጠጣ፣ ምን መድኃኒት ተወሰደ ወይስ ምን ነደፈው? ምን ያህል? ከስንት ደቂቃ በኋላ ጀመረ? የትኛው ምልክት ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ? ከዚህ በፊትስ ደርሶ ያውቃልን? ይህን የያዘ ወረቀት ከመተማ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ረጅሙን መንገድ ለሚሄድ ሕመምተኛ ትልቅ ስንቅ ነው። መሣሪያ ባለበት ስፍራ ሐኪሙ የተጠረጠረውን ነገር ጠብታ በክንድ ላይ አድርጎ ቆዳውን በቀስታ ይወጋል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ እብጠት ቢነሣ ዘበኛው ያንን ነገር እንደሚያውቀው ይገልጻል። በደምም የሚደረግ ምርመራ አለ። ነገር ግን ምርመራው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ምርመራው «ያውቀዋል» ብሎለት ያለ ችግር የሚበላ ሰው ብዙ ነውና። ፍርዱን የሚያጸናው የቤቱ ታሪክ ነው። ጥርጣሬ ሲቀር ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ አብልቶ ማየት ይቻላል፤ ይህ ግን መድኃኒቱ በተዘጋጀበት በሐኪም ፊት እንጂ በቤት ከቶ አይሞከርም።

አለርጂ ከምግብ ብቻ አይመጣም። ንብና ተርብ፣ ፔኒሲሊንን የመሰለ መርፌም ያመጡታል። በቆላው እርሻ ሌላም አለ። ሰሊጥ የሚያጭደው ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ሲውል እባብ ሊነድፈው ይችላል፤ በምዕራብ አርማጭሆ በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የካላዛር ሕሙማንን ሲያክም፣ በእባብ የተነደፉ ሠራተኞችንም ሲያድን ኖሯል። የእባብ መርዝ ማርከሻው ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ፒርኬ ባስተዋለው ዓይነት ከፈረስ ደም ነው። ስለዚህ ሕይወት አዳኙ መድኃኒት ራሱ አለርጂን ሊያስነሣ ይችላል። ይህ ማርከሻውን ለመፍራት ምክንያት አይሆንም፤ ሐኪሙ አድሬናሊኑን አጠገቡ አድርጎ እንዲሰጥ፣ ሕመምተኛውም «ከዚህ በፊት በመርፌ አብጬ ነበር» ብሎ አስቀድሞ እንዲናገር እንጂ። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ምልክቱ በቆዳ ላይ ብቻ ሆኖ ማሳከክና ሽፍታ ከሆነ ሴትሪዚንን የመሰለ የሂስታሚን መከላከያ ይበቃል። ሽፍታው ከትንፋሽ ማጠር፣ ከድምፅ መዘጋት፣ ከተደጋገመ ማስመለስ ወይም ከመዝለፍለፍ ጋር ቢመጣ ግን አናፊላክሲስ ነው። ለዚህ ያለው ቀዳሚ መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ በጭን የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን። እርሱ የጠበበውን ቧንቧ ይከፍታል፤ የወደቀውንም የደም ግፊት ያነሣል። የሚውጡት ክኒን አይተካውም። ስለዚህ ሳትዘገዩ ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። በመንገድ ላይ ሕመምተኛውን አጋድማችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ የከበደው ከሆነ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይሁን፤ በድንገት አታስነሡት፣ አታራምዱትም፤ የሚጠጣ ነገር አትስጡት። ከተሻለውም በኋላ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪሙ «ቆይ» ቢል ቆዩ። ዳማ ከሴ መጭመቅ ጊዜን ያባክናል፤ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ያበጠውን ጉሮሮ ያደማል እንጂ አይከፍትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤት ነው። ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ ከሰሊጥ ፍትፍት ብቻ ሳይሆን ከሐላዋ፣ ሰሊጥ ከተነሰነሰበት ዳቦና ባልተጣራ ዘይት ከተሠራ ወጥ መጠበቅ አለበት፤ የተወቀጠበትም ሙቀጫ በደንብ ይታጠብ። ጎረቤት፣ የቄስ ትምህርት ቤት መምህሩና የክርስትና አባቱም ይወቁት፤ በበዓል ቀን ልጅን የሚያጎርስ እጅ ብዙ ነውና። በጾም ወቅት ሰሊጡን የሚተካ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ አለ። የሚጾመው ራሱ ሕመምተኛ ሲሆንና ምግቡ ሲጠብበት፣ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር።

በሌላ በኩል ፍርሃት እንዳያሸንፋችሁ ተጠንቀቁ። አንዱ ልጅ በሰሊጥ ስለታመመ ከሌሎቹ ሕፃናት ሰሊጥን፣ ለውዝን፣ ዕንቁላልን መከልከል ይጎዳል። በእንግሊዝ አገር ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት ለአለርጂ የተጋለጡ ከ600 በላይ ሕፃናትን ተከታተለ፤ ለውዝ ከተከለከሉት ከመቶው 17 ያህሉ አምስት ዓመት ሲሞላቸው የለውዝ አለርጂ ሲይዛቸው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ከበሉት ግን የያዛቸው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዘበኛው ወዳጁን በጊዜ በማዕድ ቢያውቀው አይጣላውም ማለት ነው። ስለዚህ ጤነኛው ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ጋር በደንብ የላመ ልዩ ልዩ ምግብ ይቅመስ፤ ያልተፈጨ ለውዝ ግን ያንቃልና አይሰጠው። ጽኑ ችፌ ያለበት ሕፃን ቢሆን አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

በመጨረሻ፣ «ጸበል አለን፤ ሐኪም ለምን?» የሚል ቢኖር መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ያንብብ፤ ሐኪም እንዲከበር የሚያዝዘው በዚያ ነው። ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበልንና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል። ሕፃኑን በጸሎት ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ብትሮጡ እምነታችሁ አይጎድልም። ዛሬ ማታ ማዕዱ ሲነሣ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፤ በዚህ ቤት ካለነው መካከል በምግብ፣ በመርፌ ወይም በንብ ያበጠ ማን ነው? መልስ ያለው ቢገኝ በሕክምና ደብተሩ ላይ ይጻፍለት። እግዚአብሔር ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይጠብቅ።